የቤሪል ሆልሮይድ ሩብ ሰዓት

ቤሪል ሆልሮይድ በስምንት ዓመት ውስጥ በሃያ ስድስት ፊልሞች ላይ በር ከፍታለች። አንዳንዱ የመኳንንት በር ነው፣ አንዳንዱ የሐኪም ቤት፣ አንዱ ደግሞ የእስር ቤት። በር መክፈት ቀላል ሥራ የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው። መጀመሪያ እጀታውን በየትኛው እጅ እንደሚይዙ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከተሳሳቱ የገዛ ክንድ ፊትን ይጋርዳል። ቀጥሎ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን። ይህ ካልሆነ የበር ከፋቿ ጥላ በሚገባው ታዋቂ ተዋናይ አፍንጫ ላይ ያርፍና ቀረጻው ይበላሻል። ከዚያ "ጌታዬ ሳሎን ናቸው" ይባላል። ድምፁ ከፍ ካለ ተመልካቹ ዞር ብሎ ያያታል፣ ዝቅ ካለ ማይክሮፎኑ አይሰማትም። በመጨረሻ የሚመጣው መጥፋት ነው፤ በመጥፋት ደግሞ ቤሪልን የሚስተካከል በአገሪቱ አልነበረም። ዳይሬክተሮች እየደጋገሙ የሚጠሯትም ለዚሁ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው በሩን ማን እንደከፈተ ቢጠየቅ በሩ ራሱ የተከፈተ ይመስለዋል።

የተወለደችው በሰሜን እንግሊዝ፣ ሃሊፋክስ ከተማ ውስጥ፣ ምንጣፍ ፋብሪካው አጥር ሥር ነው። አባቷ ትራም ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ የፌርማታዎቹን ስም ሲጠራ ድምፁ የፋብሪካውን ሞተር ይበልጣል ይባል ነበር። ቤሪልም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከከተማ ከተማ ከሚዞር የቲያትር ቡድን ጋር ስትቀላቀል ያንን ድምፅ ይዛ ሄደች። የቡድኑ ባለቤት የሆነችው ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን አዳመጠቻትና፣ "ልጄ፣ ፊትሽ መድረክ ላይ ነው፤ አፍሽ ግን ገና ከትራሙ አልወረደም" አለቻት።

በዚያን ጊዜ መድረክ ላይ የሰሜን ሰው አነጋገር የሚፈቀደው ለማሳቅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቤሪል ለሦስት ወር ማታ ማታ የጠርሙስ ቡሽ በጥርሷ ነክሳ ጋዜጣ ጮክ ብላ አነበበች። ቡሹ አፍ በሰፊው እንዳይከፈት ያደርጋል፤ አፍ በሰፊው ካልተከፈተ ደግሞ የሃሊፋክስ ድምፅ መውጫ ያጣል። ዘዴው ሠራ። በአራተኛው ወር የለንደን እመቤት የመሰለ አነጋገር ነበራት፤ የድሮው የሚያመልጣት የእግሯ ጣት ከጠረጴዛ እግር ጋር ሲጋጭ ብቻ ሆነ። ለአሥራ ሦስት ዓመት ከቡድኑ ጋር ዞረች። በየሳምንቱ ሰኞ አዲስ ቲያትር ይከፍታሉ፤ የዚህን ሳምንት እየተጫወቱ የሚቀጥለውን ያጠናሉ። በጦርነቱ ማብቂያ አካባቢ ቡድኑ ሲበተን ከለንደን በስተምዕራብ ወዳለ የፊልም ስቱዲዮ መጣችና በር መክፈት ጀመረች።

ስቱዲዮው የምሳ ቤት ነበረው፤ የምሳ ቤቱን ሥርዓት ሳይረዱ የቤሪልን ታሪክ መረዳት አይቻልም። ታችኛው ፎቅ ረጃጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች አሉ፤ አናጺው፣ ቀለም ቀቢው፣ የመብራት ሠራተኛው እዚያ ይበላል። ላይኛው ፎቅ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፏል፤ በአስተናጋጅ ይታዘዛል፤ ዳይሬክተሮችና ስማቸው በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የሚጻፍላቸው ተዋናዮች እዚያ ናቸው። ወደ ላይ አትውጣ የሚል ጽሑፍ የትም አልተለጠፈም። ሁሉም ሰው ግን ደረጃው የማን እንደሆነ ያውቃል።

ቤሪል ስምንት ዓመት ሙሉ የበላችው ታች ነው፤ ከመብራት ሠራተኞቹ ጋር፣ ከሲድ ፑርኪስ አጠገብ። ሲድ የመብራት ሠራተኞቹ አለቃና የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ ነው። ሰውነቱ ትልቅ፣ ንግግሩ ትንሽ፣ ቂሙ ረጅም። ቤሪል ዘግይታ ስትመጣ ኮፍያውን አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ያ ኮፍያ እያለ ማንም አይቀመጥም። በበኩሏ ቤሪል ለጠረጴዛው ወሬ ታመጣለች። የአባቷን የሆድ ድርቀት፣ የአከራይዋን ድመት፣ የትኛው ዝነኛ ተዋናይ ሆዱን በመቀነት አስሮ እንደሚተውን። ምግብ በራሽን በሚታደልባቸው፣ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረው የሥጋ ኬክ ውስጥ እንኳን ሥጋ በማይገኝባቸው በእነዚያ ዓመታት የቤሪል ወሬ እንደ ቅመም ነበር።

በ1952 እ.ኤ.አ. መጸው ላይ፣ ቤሪል አርባ አንድ ዓመት ሲሆናት፣ ሚስተር ላንየን የሚባል ዳይሬክተር ቢሮው ጠራት። ባሕር ዳር ስላለ አንድ የኪራይ ቤት አስቂኝ ፊልም ሊሠራ ነበር።

"ሚስ ሆልሮይድ፣ በሩን ስትከፍቺ ሁልጊዜ አይሻለሁ" አላት።

"እንዳልታይ ነበር የምጥረው ጌታዬ" አለች ቤሪል ደንግጣ።

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምፈልግሽ። አከራይዋን ሚስስ ፓይክን ትጫወቻለሽ።"

ሚስስ ፓይክ ስም አላት፣ ቁልፍ አላት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለብቻዋ የምትናገረው የሁለት ደቂቃ ንግግር አላት። በፊልም ሁለት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ያህል፣ ቤሪል በሃያ ስድስቱ ፊልሞች የተናገረችው ሁሉ ቢደመር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ንግግሩ ጥሩ ነበር። ሚስስ ፓይክ ለቆ ሊሄድ ሻንጣውን ያነሳውን ሽማግሌ ተከራይ ደረጃው ግርጌ ታቆመዋለች። ስለ ጭቃማ ጫማው ትወቅሰዋለች፣ ትወቅሰዋለች፤ ሁለቱ ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ግን እንዳይሄድ እየለመነችው መሆኑ ይገባናል። ቤሪል በአውቶብስ ላይ አጠናችው፣ ሳህን እያጠበች አጠናችው፣ ለአከራይዋ ድመት እንኳን አሰማችው።

ያ ንግግር እንዲቀረጽ ቀጠሮ የተያዘለት በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ነበር። በዚያው ጠዋት ሜካፕ ክፍል ውስጥ አንድ ነጭ ካርድ ተሰጣት፦ "ሚስ ሆልሮይድ፣ ላይኛው ፎቅ፣ ጠረጴዛ አራት።"

ቤሪል የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱ ደግሞ እንግሊዝ አገር ያደገ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ዓይነት ነበር። ካርዱን ለሲድ ብታሳየው ጉራ ይመስልባታል። ካርዱን ትታ ታች ብትበላ ቢሮው የተሰጣትን ክብር የናቀች ይመስላል። "ዛሬ ላይኛው ፎቅ እንድበላ ታዝዣለሁ፣ ምን ላድርግ?" ብሎ መናገር የሚባል ሦስተኛ መንገድ ነበር፤ እሱ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳፍር መሰላት። ስለዚህ ምንም ላለመናገር ወሰነች። ሰባት ሰዓት ላይ የመብራት ሠራተኞቹ ታች ተሰልፈው ሳለ፣ አንገቷን ትንሽ ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጥታቸው ደረጃውን ወጣች።

ሲድ ወደ ላይ ስትሄድ በዓይኑ ተከተላት። ከዚያ ኮፍያውን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ራሱ ላይ ደፋው።

የዕለቱ ሥራም እንደዚሁ አልተቃናም። ጠዋት ከለንደን የመጣ ወፍራም ጭጋግ በበሩ ሥር ሾልኮ ቀረጻ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጭጋግ አዳራሽ ውስጥ ሲገባ የፓውዛው ብርሃን እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል፤ የሚስስ ፓይክ ደረጃ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። እስኪጠራ መጠበቅ ግድ ሆነ። የአሥር ሰዓቱ ሻይ በጋሪ መጥቶ ሄደ። ጭጋጉ ጠርቶ ካሜራው ቦታውን ይዞ፣ መብራቱ ተስተካክሎ ሲያልቅ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነ። ሥራ የሚቆመው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው።

ነገ ቢቀረጽስ? ነገ ቤቱ የለም። የሚስስ ፓይክ ቤት ሸራና እንጨት ነው፤ ነገ ማለዳ አናጺዎቹ ይነቅሉትና በቦታው ለሌላ ፊልም የመርከብ ሆድ ይሠራሉ። ዛሬ ያልተቀረጸ ንግግር ከፊልሙ ይወጣል። ሚስተር ላንየን መተኪያውን ሳይቀር አዘጋጅቷል፤ ተከራዩ ሻንጣውን መልሶ ሲያስቀምጥ ብቻ ይታያል፣ አበቃ። ሚስስ ፓይክ እንደገና በር ከፋች ትሆናለች ማለት ነው።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል፤ ሩቧ። በእንግሊዝ ስቱዲዮዎች ሥራ ሊቆም አሥር ደቂቃ ሲቀረው ረዳት ዳይሬክተሩ ወደ ማኅበሩ ተወካይ ሄዶ ሩብ ሰዓት እንዲጨመር በትሕትና ይጠይቃል። ተወካዩ ሰዎቹን ይጠይቃል። ከተስማሙ አሥራ አምስት ደቂቃ ይገኛል፣ ከዚያ በላይ አንዲት ሴኮንድ የለም። ካልተስማሙ የዓለም ታላቁ ዳይሬክተር ቢለምንም መብራቱ ይጠፋል። ደስ የሚለው ነገር ምክንያት መስጠት አያስፈልግም። ሠራተኛው በዓመት ውስጥ በግልጽ እምቢ ማለት የሚችልባት ያቺ ደቂቃ ብቻ ነች ማለት ይቻላል።

ረዳት ዳይሬክተሩ ሚስተር ፊች አንገቱን ቀና አደረገ። ሲድና ሰዎቹ ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር በተንጠለጠለው የእንጨት መተላለፊያ ላይ፣ ከትላልቆቹ ፓውዛዎች ኋላ ነበሩ።

"ሲድ፣ ሩቧን ብትሰጡን?"

ላይ አንድ ሰው ሳለ።

"ዛሬ ሩብ የለም" አለ የሲድ ድምፅ።

"ሲድ፣ አንድ ቀረጻ ብቻ ነው እኮ..."

"መጠጥ ቤት የዳርት ውርወራ ውድድር አለብኝ።"

"የዳርት ውድድር ማክሰኞ ነው!" አለ ከመተላለፊያው ሌላ ጫፍ አንድ የመብራት ሠራተኛ።

"አንተ ዝም በል። ደግሞ እኛ ማን ነንና ነው የምንጠየቀው? የጠረጴዛ አራትን እንግዶች ጠይቋቸው። እነሱ መብራቱን ይያዙላት።"

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ቤሪል ዞረ። ቤሪል የሚስስ ፓይክን ሽርጥና የሱፍ ነጠላ ጫማ አድርጋ ደረጃው ግርጌ ቆማለች። ፊቷ ከሜካፑ ሥር ቀላ። ከዚያ ማንም ተዋናይ በዚያ ስቱዲዮ አድርጎ የማያውቀውን አደረገች። ሽርጧን ሰብስባ በጥርሷ ነከሰችና የብረት መሰላሉን መውጣት ጀመረች።

"ሚስ ሆልሮይድ! ተዋናይ እዚያ መውጣት ክልክል ነው!" ብሎ ጮኸ ሚስተር ፊች። "ኢንሹራንሱ!"

ቤሪል አፏ በሽርጥ ስለተያዘ አልመለሰችም። በሰባተኛው እርከን ላይ አንድ ነጠላ ጫማ ወልቆ ወደቀ፤ ሚስተር ላንየን ከወንበሩ ሳይነሳ ቀለበው። ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ራሷ ላይ የተነሰነሰው ሽበት መሳይ ዱቄት ከላቧ ጋር እየተንጠባጠበ ነበር። ስድስት የመብራት ሠራተኞች በፓውዛዎቻቸው መካከል አፍጥጠው አዩአት።

"ወንበሬን ለማን ሰጠኸው?" አለችው ሲድን።

"ለማንም። ባዶውን ነው የዋለው።"

"የሐሙስ ጣፋጬን፣ ፑዲንጌንስ?"

ሲድ ወደ ፓውዛው ዞረ። "በላሁት።"

"ሁለት ፑዲንግ?"

"በንዴት ነው የበላሁት። አልጣፈጠኝም።"

"ጨርሶታል ግን" አለ ያው የዳርቱን ቀን ያስታወሰው ሰው።

"ሲድ፣ ላይ ምን እንደሰጡኝ ታውቃለህ?" አለች ቤሪል የብረቱን መደገፊያ ይዛ። "አውራ ጣቴን የምታህል ዓሣ። ለእሷ ሦስት ሹካ! ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጽጌረዳው በሽታ አወራኝ። አንድም ሰው ጨው አቀብዪኝ አላለኝም። የጨው ዕቃው ራሱ የት እንዳለ አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን ሄድሽ?"

"ካርድ ሰጡኝ።"

"ካርድ እንደሰጡሽማ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሰማነው። የሻይ ጋሪ የምትገፋዋ ሚስስ ጋድ ያላወቀችው ምን አለ? ደስ ብሎን ነበር እኮ። ልጆቹ እንኳን ደስ አለሽ ሊሉሽ ቆመው ጠበቁሽ። አንቺ ግን እንደ ንግሥት አንገትሽን ሰበር አድርገሽ አለፍሽ።"

"አፍሬ ነው ሲድ።"

"በእኛ?"

"በእናንተ አይደለም! ልነግራችሁ አፍሬ ነው። ጉራ ይመስላል ብዬ።"

ሲድ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። "ስምንት ዓመት ሙሉ የአባትሽን ሆድ ድርቀት በየቀኑ ሥጋ ኬኬ ላይ ስታወሪ አላፈርሽም። ዛሬ አንዲት ካርድ አሳፈረችሽ?"

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ታች ያሉት አናጺዎችም ሰምተው ኖሮ ሳቁ ከአዳራሹ ግድግዳ ወደ ግድግዳ ዞረ። ቤሪልም ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳቁና እንባው ተደባልቀው ባሉበት፣ "ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሞኝ ነበርኩ" አለችው። ያለችው በለንደን እመቤት አፍ አልነበረም፤ አባቷ የፌርማታ ስም በሚጠራበት አፍ ነበር። ሲድ ያንን አነጋገር ከእሷ ሰምቶ አያውቅም።

እሱም ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሰባት ነበር። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ "ዘንግ ቀይሩ!" አለ።

እነዚያ ትላልቅ ፓውዛዎች የሚበሩት ጫፍ ለጫፍ በሚቃጠሉ ሁለት የከሰል ዘንጎች ነው። ዘንጉ እያለቀ ሲሄድ ብርሃኑ ይርገበገባል፣ ድምፁም ይንሾካሾካል። ሥራ ሊቆም ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አዲስ ዘንግ የሚያስገባ የመብራት ሠራተኛ የለም፤ ቀረጻው የሚቀጥል ከሆነ በስተቀር። ስለዚህ ያቺን ቃል የሰማ ሁሉ ሩቧ መፈቀዷ ገባው። ሚስተር ፊች ወደ ቦታው ሮጠ። ቤሪል ከወጣችው ፈጥና ወረደች፤ ነጠላ ጫማዋን ከሚስተር ላንየን እጅ ተቀብላ አደረገች፤ የሜካፕ ሠራተኛዋ ዱቄቱን እየሮጠች ነሰነሰችባት።

የመጀመሪያው ቀረጻ አርባ ሴኮንድ እንደሄደ ተበላሸ። ሽማግሌውን ተከራይ የሚጫወተው ሰው ዱቄቱ አፍንጫው ገብቶ አስነጠሰ። ካሜራውን ወደ ቦታው መመለስ፣ ፊልሙን መፈተሽ፣ ፀጥታ ማስከበር አራት ደቂቃ ፈጀ። ቀረጻ ቁጥር ሁለት ሲባል ሰዓቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ነበር።

ቤሪል አፏን ስትከፍት የመሰላሉ ድካም ገና አልለቀቃትም ነበር። ስምንት ዓመት በር ስትከፍት የለመደችው ለስላሳ ድምፅ እንዲወጣ ሙሉ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሙሉ ትንፋሽ አልነበራትም። የወጣው የትራሙ ድምፅ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደጨረሰች ራሷ ሰማችው። ማቆም ትችል ነበር፤ ብታቆም ግን ሦስተኛ ቀረጻ የለም። ቀጠለች።

"ጫማዎ በየደረጃው ላይ፣ ጭቃዎ በየምንጣፉ ላይ! አሥራ አንድ ዓመት የእርስዎን ስጠርግ ኖርኩ" አለች ለተከራዩ፤ የሰሜኑ አነጋገር ወቀሳውን አከረረው፣ በዚያው ልክ ደግሞ በውስጡ ያለውን ፍርሃት አጋለጠው። "ክፍሉን ነገ ላከራየው እችላለሁ። ሰልፍ ነው የሚሰለፉት! ግን የሌላ ሰው ጫማ ለምኔ ነው? የሌላ ሰው ጫማ ሲገባ ድምፁን አላውቀው።"

"ቁረጥ" ያለው የሚስተር ላንየን ድምፅ ከሹክሹክታ አልበለጠም። ሲድ ከላይ፣ "ሦስት ደቂቃ ተርፏችኋል፤ ለሌላ ቀን አይቀመጥም" አለና መብራቱን አጠፋ።

ተቀረጸ ማለት ግን ፊልሙ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም፤ ቤሪል ሌሊቱን ያሰበችው ይህንን ነው። ሚስስ ፓይክ በቀሩት ትዕይንቶች ሁሉ የለንደን አፍ ነው ያላት። በአንዱ ብቻ ከሃሊፋክስ የመጣች ሴት ብትሆን ተመልካች ምን ይላል? በማግስቱ ቀትር ላይ የትናንቱ ቀረጻ በትንሿ የማሳያ ክፍል ታየ። ሚስተር ላንየን ሁለት ጊዜ አስደገመው። ከዚያ ወደ ቤሪል ዞሮ፣

"ይህ አነጋገር የማን ነው?" አላት።

"የአባቴ ጌታዬ። አመለጠኝ።"

"የቀሩትስ ትዕይንቶች?"

"እነሱ ሚስስ ፓይክ ሰው ፊት የምትናገርባቸው ናቸው" አለች ቤሪል፤ ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። "ይኼኛው ግን... የእግሯን ጣት ጠረጴዛ መትቷት ነው።"

ሚስተር ላንየን ሳቀ፣ አሰበ፣ ደግሞ ሳቀ። ንግግሩ እንዳለ ቀረ። ፊልሙ በመጋቢት ሲወጣ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ለሁለት ደቂቃ ስለ ጫማ ሲስቅ ይቆይና በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ድንገት ዝም ይላል። ቤሪል ያንን ዝምታ ለመስማት በሦስት የተለያዩ ሲኒማ ቤቶች ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በሦስቱም ያው ቦታ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ በሃያ ዓመት ውስጥ አሥራ አራት አከራዮች፣ አምስት የሆስፒታል አለቆችና አንዲት የወንበዴ እናት ሆና ተጫወተች፤ ሁሉም የሰሜን ሰዎች፣ ሁሉም ስማቸው በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የተጻፈ።

የምሳውን ጉዳይ ደግሞ የማሳያ ክፍሉን ለቃ እንደወጣች በዚያው ዓርብ ፈታችው። ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ፊት ቆማ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አወጀች። "ሰኞና ረቡዕ ላይኛው ፎቅ እበላለሁ፤ ታዝዣለሁ። በሌሎቹ ቀናት እዚህ ነኝ። ጥያቄ ያለው?"

"አለኝ" አለ ሲድ አፉን ሞልቶ። "ሐሙስ የፑዲንግ ቀን ስለሆነ ሐሙስንም ላይኛው ፎቅ ብትበዪ አይሻልም?"